ሀ ሁን በዜማ የሚወርድ፣ ማንበብ ግን የሚያቅተው ልጅ፦ የመማር እክልን ደረጃ በደረጃ መለየት

እዚሁ ሐዋሳ ሁለተኛ ክፍል ሳስተምር አንድ ተማሪ ነበረኝ። የፊደል ገበታውን ከሀ እስከ ፐ በዜማ ይወርደዋል፤ አንዲት አይስትም። እናቱ ትኮራበት ነበር፣ እኔም። አንድ ቀን ጣቴን «ሙ» ላይ አሳርፌ «ይቺ ማን ናት?» አልኩት። ዝም አለ። ቆይቶ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ለካ ከ«ሀ» ጀምሮ በሹክሹክታ እየዘመረ ነው። ሀ ሁ ሂ ሃ... ለ ሉ ሊ ላ... ወርዶ ወርዶ እዛች ፊደል ጋ ሲደርስ ደስ ብሎት «ሙ!» አለኝ።

ምን እንደማደርግለት አላወቅኩም። ካርዱ ላይ «ጥረት ይጎድለዋል» ብዬ ጻፍኩ። ከክፍሉ ልጆች ሁሉ የበለጠ የሚለፋው እሱ እንደነበረ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው።

ይህ መመሪያ እንደሱ ያለ ልጅ ላላቸው ወላጆች ነው። ለመምህራንም ይሆናል። «ልጁ እንዲህ ያለ እክል አለበት» ብሎ የመጨረሻ ቃል መስጠት የባለሙያ ሥራ ነው። የእናንተ ሥራ ባለሙያው ፊት ባዶ እጃችሁን አለመቅረብ ነው።

ደረጃ 1፦ ምን እንደሆነ፣ ምን እንዳልሆነ

የመማር እክል የምንለው ልጁ ዓይኑ እያየ፣ ጆሮው እየሰማ፣ ወሬው እየገባው፣ በአግባቡ እየተማረም፣ ማንበብ ወይም መጻፍ ወይም ሒሳብ ተለይቶ ሲከብደው ነው። ንባብ ላይ ሲሆን ዲስሌክሲያ፣ ጽሕፈት ላይ ዲስግራፊያ፣ ሒሳብ ላይ ዲስካልኩሊያ ይሉታል። ሁለቱ ወይም ሦስቱ አንድ ልጅ ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። በብዛት የሚታየው የንባቡ ነው።

«የመማር እክል» የሚለውን ስም ያስለመደው ሳሙኤል ከርክ የሚባል አሜሪካዊ ምሁር ነው። በ1963 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ቺካጎ ላይ በተሰበሰቡ ወላጆች ፊት ተናግሮበታል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ያወጣው መመሪያ ደግሞ ሦስቱንም በአንድ ስም ጠቅልሎ አንድ ቁም ነገር አስቀምጧል። ችግሩ፣ ልጁ ተለይቶ እየታገዘ ቢያንስ 6 ወር የዘለቀ መሆን አለበት። የአንድ ሴሚስተር ውጤት አይበቃም ማለት ነው። ይኸው መመሪያ በተለያየ ቋንቋና ባህል ውስጥ ካሉ ተማሪዎች ከ5 እስከ 15 በመቶ የሚሆኑት እክሉ እንዳለባቸው ይገልጻል። 60 ልጅ ያለበት ክፍል ውስጥ ከ3 እስከ 9 ልጅ ማለት ነው። እኔ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ስንቱን እንዳሳለፍኩ አስቡት።

ከአእምሮ እድገት ውስንነት ጋር አትቀላቅሉት። የእድገት ውስንነት በሁሉም ነገር ላይ ይታያል፤ በአለባበስ፣ በጨዋታ፣ ሱቅ ሲላክ። የመማር እክል ያለበት ልጅ ግን ሱቅ ተልኮ አራት ዕቃ ሳይረሳ ሊመጣ፣ የተበላሸ ሬዲዮ ፈታቶ ሊገጥም፣ በቀልዱ ሰፈሩን ሊያስቅ ይችላል። ወረቀት ፊት ሲቀርብለት ነው ሌላ ሰው የሚሆነው። ኢንተርኔት ላይ ስታነቡም ተጠንቀቁ፤ እንግሊዞች «የመማር እክል» ሲሉ የእድገት ውስንነትን ማለታቸው ነው። አሜሪካኖቹ ሲሉ እኛ እዚህ የምናወራውን ነው። ይህን ሳያውቁ አንብበው ሌሊቱን ሲያለቅሱ ያደሩ እናት አውቃለሁ።

እክሉ ከአንጎል አሠራር ጋር የተያያዘ ነው፤ በዘርም ይወርዳል። ስለዚህ አባትየውን ጠይቁ። «እኔም እኮ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ድምፄን አሰምቼ አንብቤ አላውቅም» የሚል አባት ስንቴ ገጥሞኛል። ቴሌቪዥን አያመጣውም፤ ስንፍናም፣ ቡዳም። ጸበል መውሰድ ወይም ማስጸለይ የምትፈልጉ አድርጉት፣ እምነታችሁ ነው። ከዚህ በታች ያለውን ግን ጎን ለጎን ያዙ።

ደረጃ 2፦ ዓይንና ጆሮ

አጭር ነው፣ ግን አትዝለሉት። ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ፣ ሰሌዳውን ዓይኑን አጨንቁሮ የሚያይ፣ ደብተር አፍንጫው ድረስ የሚያስጠጋ ልጅ መጀመሪያ ዓይኑ ይታይ። ጆሮው እየመገለ ያደገ ልጅም ለጊዜው የቀነሰ መስማት ሊኖረው ይችላል። ቤት ውስጥ ከጀርባው አንድ ክንድ ያህል ርቃችሁ፣ አንዱን ጆሮውን በእጁ አስይዛችሁ፣ «ውሻ»፣ «ሰባት»፣ «ጫማ» እያላችሁ አንሾካሹኩ። ከደገማችሁለትም በኋላ የሚስት ከሆነ ሐኪም ጋ ውሰዱት። በመነጽር ብቻ «ከጎበዞች ተርታ» የገባች ልጅ አስተምሬያለሁ።

ደረጃ 3፦ ቋንቋውን ለዩ

ሐዋሳ ላይ ይህ ደረጃ ከሌላው ሁሉ ይከብዳል። አንድ ልጅ ቤቱ በሲዳምኛ ወይም በወላይትኛ አፉን ይፈታል፣ ሰፈር ወጥቶ በአማርኛ ይጫወታል፣ የግል ትምህርት ቤት ገብቶ በእንግሊዝኛ ሳይንስ ይማራል። ሲዳምኛና እንግሊዝኛው በላቲን ፊደል፣ አማርኛው በግዕዝ ፊደል። ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ ሦስት ቋንቋና ሁለት ዓይነት ፊደል ተሸክሞ ይሄዳል። ቢንገዳገድ አይገርምም።

ስለዚህ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ አፉን በፈታበት ቋንቋ ተረት ወይም የቀን ውሎውን ቅደም ተከተሉን ጠብቆ ይነግራችኋል? የሚነግራችሁ ከሆነ በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ መዘግየቱ የቋንቋ ልምምድ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ችግሩ በሁለቱም ፊደል ይከተለዋል? እውነተኛው የንባብ እክል በር ሲዘጉበት በመስኮት ይገባል። በአማርኛ ቢያንቀራፍፈው በእንግሊዝኛ ደግሞ ያሳስተዋል።

አንድ ነገር ግን አያስደንግጣችሁ። የላቲኖቹን «ቢ» እና «ዲ» እያገላበጡ መጻፍ እስከ 7 ዓመት ገደማ የተለመደ ነው።

ትምህርት የተቋረጠበትን ጊዜም ቁጠሩ። መጋቢት 2012 ላይ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ኬጂ ወይም አንደኛ ክፍል የነበሩ ልጆች መሠረታቸውን የሚጥሉበት ጊዜ አመለጣቸው። ሕመም፣ የቤት መቀያየር፣ የወላጅ ጸብ፣ ቁርስ ሳይበሉ መሄድም እንደዛው ነው። ያልተማረ ልጅና መማር ያቃተው ልጅ ካርዳቸው አንድ ይመስላል።

ደረጃ 4፦ ደብተር ክፈቱ

አንድ የ50 ሉክ ደብተር ግዙ። ለስድስት ሳምንት ያያችሁትን ጻፉ። የማስታወሻው ሕግ አንድ ነው፦ ያያችሁትን እንጂ የፈረዳችሁትን አትጻፉ። «ዛሬም ሰነፈ» አይባልም። «ማክሰኞ፣ የአማርኛ የቤት ሥራ፣ አምስት መስመር ለመገልበጥ 50 ደቂቃ ፈጀ፣ ሦስት ጊዜ ሽንት ቤት ሄደ» ይባላል። የሚቀለውንም ጻፉ። ኳስ ሲጫወት፣ ሥዕል ሲሥል፣ ሲያወራ እንዴት ነው? ባለሙያው በጎውንም ይፈልገዋል።

እሑድ ማታ ሆዱን የሚያመው፣ ሰኞ ጠዋት ቤት ሲቀር የሚሻለው ልጅ ካላችሁ እሱንም ከነቀኑ መዝግቡ።

ደረጃ 5፦ ቤት ውስጥ የምታዩዋቸው ምልክቶች

ይህን ፈተና ብላችሁ አትጥሩት። ጨዋታ ነው። ከእራት በፊት፣ ታናሽ ወንድም በሌለበት፣ ከ15 ደቂቃ ያልበለጠ።

በፊደል እንጀምር። የቄስ ትምህርት ቤት የኔታዎች ዘዴውን ቀድመው ያውቁታል። ሀሁን የጨረሰ ልጅ ወደ አቡጊዳ ይገባል። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ እያለ ፊደሉ ከለመደው መደዳ ወጥቶ ይመጣበታል። በዜማ የሸመደደ እዛ ላይ ይያዛል። እናንተም የብስኩት ካርቶን ቆርጣችሁ ሃያ ፊደል ጻፉና በውዙት። በተለይ ቡ፣ ቢ፣ ባ፣ ቤ፣ ብ፣ ቦ ዓይነቶቹን አስገቡ። ካዕቡ አብዛኛውን ጊዜ ጎኑ ላይ ቅጥያ አለው፣ ሣልሱ እግሩ ላይ፣ ኃምሱ እግሩ ላይ ቀለበት። ሳድስና ሳብዕ ግን እንደ ፊደሉ ይለዋወጣሉ። ስለዚህ ሳድስና ሳብዕ ላይ መሳት የብዙ ልጅ ነው። ሁለት ዓመት ተምሮ አሁንም ቡ እና ቢን የሚያምታታ፣ ወይም ሰ እና ሸን፣ ተ እና ቸን፣ ደ እና ጀን በየቀኑ እንደ አዲስ የሚያይ ልጅ ነው ደብተሩ ላይ የሚጻፍ።

ሀ፣ ሐ፣ ኀ ወይም ሰ እና ሠ ቢቀላቅል ተዉት። እኛስ መች ለየናቸው?

ቀጥሎ ድምፅ። ያለ ወረቀት፣ በአፍ ብቻ። «ዳቦ ከሚለው ዳን ብናወጣ ምን ይቀራል?» «ሰማይ ከሚለው ሰን?» «ልብ እና ልጅ በምን ይለያያሉ?» የንባብ እክል ሥሩ ብዙ ጊዜ ዓይን ላይ አይደለም፤ የቃልን ድምፅ መበታተንና መልሶ መግጠም ላይ ነው። ትንሽ ልጅ ቤት ለሚመታ ግጥም ጆሮ ከሌለው አንዱ ቀዳሚ ምልክት እሱ ነው።

ከዚያ የሌሉ ቃላት። «ሙጋቴ»፣ «ለፎቢ»፣ «ዘኩሜ»፣ «ጢሶራ»። ትርጉም እንደሌላቸው ንገሩትና ያንብባቸው። ልጆች ብልጦች ናቸው። የመማሪያ መጽሐፉን ምንባብ በቃላቸው ይይዙና ገጹን እየገለጡ «ያነባሉ»። የማያውቀውን ቃል ግን ማንም በቃሉ ሊይዘው አይችልም። እኔ ከሁሉም የምወደው መለያ ይሄ ነው።

አሁን ሰዓት ያዙ። የአንድ ደቂቃ ንባብ፣ ክፍል ውስጥ ከተማረው ምንባብ። በትክክል ያነበበውን ቃል ቁጠሩ። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ብዙው ጽሑፍ የሚያወራው ስለ እንግሊዝኛ ነው፤ እዛ ፊደሉና ድምፁ ስለማይገጥሙ ልጁ እየሳተ ያነባል። ፊደልና ድምፅ በሚገጥሙባቸው ቋንቋዎች፣ በጣልያንኛ፣ በፊንላንድኛ፣ በጀርመንኛ፣ እክሉ ከስህተት ይልቅ በዝግታ ነው የሚታየው። የኛም ፊደል ወደዚህ ያደላል። ልጁ «ት... ም... ህ... ር... ት... ቤ... ት» ብሎ አንድም ሳይስት ሊጨርስ ይችላል። ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ግን መጀመሪያው ጠፍቶበታል። «ምን አለ?» ስትሉት ግድግዳ ያያል። አራተኛ ክፍል ደርሶ እንዲህ የሚያነብን ልጅ «ያነባል እኮ» ብለን ስናልፈው ኖረናል።

አማርኛ ላይ ሌላም ወጥመድ አለ። መጥበቅና መላላት አይጻፍም። «ገና» በዓሉ ነው ወይስ «ገና ነው»? «አለ» ተናገረ ነው ወይስ ይገኛል? ጥሩ አንባቢ ተሳስቶ ያነብና፣ ሐሳቡ አልሄድ ሲለው ተመልሶ ያርመዋል። የከበደው ልጅ አይመለስም። ጉልበቱን ፊደሎቹ ላይ ጨርሷል።

ጽሕፈትን በሁለት መንገድ እዩ፤ በመገልበጥና በዲክቴሽን። ደብተሩ ከሰሌዳ በተገለበጠ ያማረ ጽሑፍ የተሞላ ልጅ ወላጁን ይሸውዳል። አምስት ቃል በቃል ንገሩትና ይጻፍ። ሲገለብጥም አንድ ቃል አይቶ ነው የሚጽፈው ወይስ ለእያንዳንዷ ፊደል ቀና እያለ? በአፉ ግሩም ታሪክ ነግሯችሁ ወረቀት ላይ ሁለት መስመር ብቻ የሚያወጣ፣ እርሳሱን አንቆ ይዞ ጣቱን አመመኝ የሚል ልጅም አለ።

ሒሳቡን አሞራ ገደል፣ አሣ ገበያው ጋ ውሰዱት። አሣ ስትገዙ ሂሳቡን ለሱ ስጡት። አንዱ 80 ብር ነው እንበል፣ ሁለት ብንገዛና 200 ብር ብንሰጥ ስንት ይመለሳል? መልሱን መሳቱ ብቻውን አይነግራችሁም፤ እንዴት እንደሚሞክር እዩ። ሦስትና አራት አሣን ሳይቆጥር ያያል? 98 ይበልጣል ወይስ 102? «አንድ ሺህ ሰባት» ሲሉት 10007 ብሎ ይጽፋል? አምስተኛ ክፍል ሆኖ 7 እና 5ን በጣቱ ከ1 ጀምሮ ይቆጥራል? ጥያቄውን በሚቀናው ቋንቋ አድርጉት። በእንግሊዝኛ «ሰርቲን» እና «ሰርቲ» ለጆሮ ይመሳሰላሉ። «አሥራ ሦስት» ግን አሥርና ሦስት መሆኑን ራሱ ይናገራል። በሰዓት አትመዝኑት። የኛና የፈረንጅ ሰዓት በስድስት እየተለያየ አዋቂውንም ያምታታል።

ደረጃ 6፦ አሥር ሳምንት አስተምራችሁ እዩ

አሜሪካኖች ድሮ ልጁ እርዳታ የሚያገኘው አይኪው በሚሉት የማስተዋል ፈተናና በትምህርት ውጤቱ መሃል ትልቅ ልዩነት ሲታይ ነበር። ያ ልዩነት እስኪሰፋ ልጁ ሦስተኛ አራተኛ ክፍል ይደርሳል። እንደ ፈረንጆቹ በ2004 የወጣው ሕጋቸው ያንን ግዴታ አነሳና ሌላ መንገድ ፈቀደ፤ ልጁን በደንብ ደግፈህ አስተምረው፣ ከዚያ እንዴት እንደተቀበለው እይ። ይህን መንገድ ቤት ውስጥም በትንሹ መከተል ይቻላል።

በቀን 20 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን። በአንድ ጊዜ ከሦስት ፊደል አትበልጡ። ትሪ ላይ ዱቄት በትናችሁ ፊደሉን በጣቱ እየጻፈ ድምፁን ይጥራ። ከዚያ በነዚያው ፊደሎች የተሠሩ ቃላት፣ ከዚያ አጭር ምንባብ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ። ሳይሰለች አቁሙ። አስጠኚ ከቀጠራችሁ የቤት ሥራ የሚሠራለት ሳይሆን ይህን የሚያደርግ ይሁን። የቤት ሥራውን የሚሠራለት አስጠኚ ችግሩን ነው የሚደብቅላችሁ። «አሁንም አልገባህም?» የምትል ታላቅ እህትም ከዚህ ሥራ ትገለል።

ዓርብ ዓርብ የአንድ ደቂቃውን ንባብ ደብተሩ ላይ ጻፉ። በደቂቃ 8 ቃል የነበረው በአሥረኛው ሳምንት 30 ከደረሰ ምናልባት የጎደለው ትምህርቱ ነበር፤ ቀጥሉ። 11 ላይ ከቀረ ወደ ባለሙያ ለመሄድ በቂ ምክንያት አላችሁ።

ደረጃ 7፦ ትምህርት ቤቱን ማነጋገር

ካርድ በሚሰጥበት ቀን አይሁን። ወላጁ ተሰልፎ፣ «ስንተኛ ወጣ?» እየተባባለ ቁም ነገር አይወራም። ሌላ ቀን ቀጠሮ ያዙ። በወቀሳ አትጀምሩ። «ቲቸር፣ ቤት ያየሁትን ጽፌ መጥቻለሁ። እርስዎስ ክፍል ውስጥ ምን ያዩበታል?» ብትሉ እኔ ብሆን ወንበር እስብላችሁ ነበር። ትምህርት ቤቱ የልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህር ካለው እሱም ይገኝ።

ልትጠይቁ የምትችሉት ትናንሽ ነገር ነው። ከፊት ይቀመጥ። ሳይዘጋጅ ተነሥተህ አንብብ አይባል። የሒሳብ ጥያቄ ይነበብለት። ፈተና ላይ ጊዜ ይጨመርለት፣ ማኅበራዊ ሳይንስን በቃሉ ይመልስ። «ክፍል እናስደግመው» ከተባላችሁ «በምን ዘዴ ልታስተምሩት?» ብላችሁ ጠይቁ። በዚያው ዘዴ ከሆነ ልጁ የሚያገኘው አንድ ዓመት ኀፍረት ነው። ይህ የኔ አስተያየት ነው፤ የሚቃወሙኝ ባልደረቦች አሉ።

ደረጃ 8፦ ባለሙያ ዘንድ

እኛ «ሪፈራል» ከምንለው የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ወይም ከሌላ ሆስፒታል የሕፃናት ሐኪም መጀመር ትችላላችሁ። የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያና የሥነ ልቦና ባለሙያም የሚያዩት ጉዳይ ነው። ዓይንና ጆሮ የታየበትን ወረቀት፣ ደብተሩን፣ የሦስት ዓመት ካርድ፣ ልጁ ራሱ የጻፈባቸውን ሦስት አራት ገጾች ያዙ።

ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ፈተናው በየትኛው ቋንቋ ነው? ለእንግሊዝኛ አንባቢ የተሠራ ከሆነ ውጤቱን እንዴት ተረጎሙት? ትኩረት የማጣት ችግርስ አብሮ አለ? ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ይገኛሉ። ለትኩረቱ መድኃኒት አለ፤ ለንባብ እክል ግን መድኃኒት የለም። በአሥራ አምስት ደቂቃ ፍርድ የሰጣችሁን ወይም «በሦስት ወር እናድነዋለን» ያላችሁን አመስግናችሁ ውጡ።

ደረጃ 9፦ ለልጁ መንገር

እሱ ቀድሞ ስም አውጥቶለታል። ስሙም «ደደብ» ነው። ስለዚህ አትደብቁት። «አንጎልህ ፊደል የሚይዝበት መንገድ ከሌሎቹ ይለያል። ስለዚህ በሌላ መንገድ እናስተምርሃለን፣ ጊዜ ይወስዳል» ይበቃል። አባትየው የራሱን ታሪክ ቢጨምርበት ደግሞ የትኛውም ባለሙያ የማይሰጠውን ይሰጠዋል። ቤት ውስጥ ከእህቱ ደረጃ ጋር ማነጻጸሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይቁም። ዘመድ ሊጠይቅ ሲመጣም «ስንተኛ ወጣህ?» የሚለውን ጥያቄ እናንተ ቀድማችሁ ወሬ ቀይሩበት።

ክረምቱን ሙሉ አትልቀቁት። አሥር ደቂቃም ቢሆን ይቀጥል፤ አለዚያ መስከረም ላይ ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት ደብተሩን ለአዲሱ መምህር አሳዩ። ኮፒውን ስጡ፣ ዋናውን ግን እንዳትሰጡ። የአንድ ተማሪዬን ደብተር እኔው ተቀብዬ እኔው ጥዬዋለሁ።